ዝነኞችና ብራንዶች በማኅበራዊ ሚዲያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ተከታይ ብዛት፣ ስለ ላይክ፣ በገንዘብ ስለሚገዛ ዝናና ስለ ብራንዶች ማስታወቂያ ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የራሴን አቋም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የተከታይ ቁጥር አንድ ሰው መታየቱን ይነግረናል። መታመኑን አይነግረንም። መወደዱንም ቢሆን ሁልጊዜ አይነግረንም። ከታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ማን ነው?

እንደ መድረኩ ይለያያል። ኢንስታግራም ላይ ከግለሰቦች ሁሉ ቀዳሚው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው። በ2018 ሴሌና ጎሜዝን አልፎ አንደኛ ሆነ። በ2023 ደግሞ 600 ሚሊዮንን የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ በላይ ያለው የኢንስታግራም የራሱ አካውንት ነው። ዩቲዩብ ላይ በጁን 2024 ሚስተር ቢስት የሕንዱን የሙዚቃ ኩባንያ ቲ-ሲሪስን በልጦ በሰብስክራይበር ብዛት መሪነቱን ያዘ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ በጁን 2022 ካቢ ላም ቻርሊ ዳሚሊዮን አልፎ አንደኛ ወጣ።

የካቢ ነገር ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ሴኔጋል ተወልዶ ጣሊያን ያደገ ወጣት ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ከፋብሪካ ሥራው ተሰናበተ። ቤቱ ሆኖ ቪዲዮ መሥራት ጀመረ። በታወቀባቸው ቪዲዮዎች ላይ አንዲት ቃል አይናገርም። ሰዎች ቀላሉን ነገር እንዴት እንደሚያወሳስቡት ያሳያል፤ ከዚያ እሱ በቀላሉ ይሠራውና ሁለት እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ያያችኋል። የትኛውም አገር ያለ ሰው ይገባዋል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተከታይ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። ኳስ፣ ዘፈን፣ ፊት ላይ የሚነበብ ቀልድ፤ አስተርጓሚ የማይፈልግ ነገር ይዘዋል።

የቁጥር ፉክክሩ መቼ ተጀመረ?

በአፕሪል 2009 ተዋናዩ አሽተን ኩቸር ከሲኤንኤን ጋር ተፎካከረ። ትዊተር ላይ ቀድሞ 1 ሚሊዮን ተከታይ የሚያገኘው ማን ነው? ኩቸር አሸነፈ። አንድ ግለሰብ በስልኩና በኮምፒውተሩ ዓለም አቀፍ የዜና ጣቢያን በለጠ። ለእኔ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ራሱ ዜና ሆነ።

ቁጥር ለቁጥር ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያየነው ግን በጃንዋሪ 2019 ነው። ያኔ ኢንስታግራም ላይ ብዙ ላይክ የነበረው ፎቶ ካይሊ ጄነር የልጇን መወለድ ያበሰረችበት ነበር፤ 18 ሚሊዮን ገደማ ላይክ ነበረው። አንድ ያልታወቀ አካውንት የተራ እንቁላል ፎቶ ለጠፈና "ሪከርዱን አብረን እንስበር" አለ። በአሥር ቀናት ገደማ ውስጥ ተሰበረ። ከእንቁላሉ ጀርባ የነበሩት ሰዎች ያንን ሁሉ ዓይን ያዋሉት ለመልካም ነገር ነው። እንቁላሉ ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ አሳዩ፤ በመጨረሻም ስለ አእምሮ ጤና የሚናገር ቪዲዮ አወጡ። ሪከርዱን በዲሴምበር 2022 የወሰደው ሊዮኔል ሜሲ ነው። የዓለም ዋንጫን ያነሳበት ፖስት ከ70 ሚሊዮን በላይ ላይክ አገኘ።

ተከታዮቹ ሁሉ ፖስቱን ያዩታል?

አያዩትም። ተከታይ ማለት ስልካችሁ ላይ እንደመዘገባችሁት የስም ዝርዝር ነው። 800 ስም ሊኖራችሁ ይችላል፤ የምትደዋወሉት ግን ከጥቂቶቹ ጋር ነው።

ድሮ ኢንስታግራም ፖስቶችን የሚያሳየው በወጡበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነበር። በ2016 ይህን ትቶ በአልጎሪዝም መደርደር ጀመረ። አልጎሪዝሙ ምን ላይክ እንዳደረጋችሁ፣ የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆያችሁ፣ ከማን ጋር መልእክት እንደምትለዋወጡ ያያል። ከዚያ ትወዱታላችሁ ብሎ የገመተውን ያስቀድማል። ቲክቶክ ከዚህም አልፎ ሄደ። ገና ስትከፍቱት የሚመጣላችሁ አብዛኛው ነገር የማትከተሏቸው ሰዎች ቪዲዮ ነው። ስለዚህ 300 ተከታይ ያለው ልጅ የሠራው ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። 3 ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሰው ደግሞ ፖስቱን ጥቂቶች ብቻ አይተውት ሊያልፍ ይችላል።

ሁለት ቁጥሮችን መለየት ይጠቅማል። "ሪች" የሚባለው ስንት የተለያዩ ሰዎች እንዳዩት ነው። "ቪው" የሚባለው በድምሩ ስንት ጊዜ እንደታየ ነው። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ቢያየው ሪቹ 1፣ ቪዩ 5 ይሆናል። ለማስታወቂያ የሚከፍል ሰው ሁለቱን ካምታታቸው ገንዘቡ ይባክናል።

ታዲያ እውነተኛ ተወዳጅነትን በምን እንለካው?

አንድ ቀላል ስሌት አለ። የአንድ ፖስት ላይክ፣ ኮሜንትና ሼር ደምሩ። ለተከታዩ ብዛት አካፍሉት። በ100 አባዙት። የሚመጣው የተሳትፎ መቶኛ ነው። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሰው 5,000 ላይክና ኮሜንት ቢያገኝ 0.5 በመቶ ነው። 20,000 ተከታይ ያለው ሰው 1,600 ቢያገኝ 8 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛው ሰው የሚናገረውን የሚሰማ ሰው አለው ማለት ነው።

ስሌቱ ላይ ብቻ እንዳትቆሙ ግን። አካውንት ባደገ ቁጥር መቶኛው በተፈጥሮው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትንሹን ከትንሽ፣ ትልቁን ከትልቅ ጋር አወዳድሩ። ደግሞ ሁሉም ተሳትፎ ፍቅር አይደለም። የተሰደበ ሰው ኮሜንቱ ይበዛል። እኔ ከላይክ ይልቅ ሴቭና ሼር ላይ ብዙ እምነት አለኝ። ላይክ ጣት ሲያልፍ ይነካል። ሼር የሚያደርግ ሰው ግን ስሙን አስይዞ ለወዳጁ እየላከ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው መለኪያ ደግሞ ሰዎች ስልካቸውን አስቀምጠው የሚያደርጉት ነገር ነው። በጁን 2020 የኮሪያው ባንድ ቢቲኤስና ኩባንያው በአሜሪካ ለነበረው የጥቁሮች መብት ንቅናቄ 1 ሚሊዮን ዶላር መስጠታቸው ተሰማ። አድናቂዎቻቸው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ከኪሳቸው ሌላ 1 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። በሴፕቴምበር 2023 ቴይለር ስዊፍት ተከታዮቿ በመራጭነት እንዲመዘገቡ ኢንስታግራም ላይ ጠየቀች። ከ35,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ይህ ከተከታይ ብዛት የሚበልጥ ነገር ነው፤ እምነት ነው።

ተከታይ መግዛት እውነት አለ?

አለ፤ ብዙም አለ። የሚሸጡት ቦቶች ናቸው፤ ማለትም ሰው የሌለባቸው፣ በፕሮግራም የሚንቀሳቀሱ አካውንቶች። አንዳንዴ ደግሞ ከእውነተኛ ሰዎች ላይ የተሰረቀ ስምና ፎቶ ይለጠፍባቸዋል። ይህ በጣም ያበሳጨኛል። ፎቶዋን በእምነት ያወጣች ልጅ ሳታውቀው የሌላ ሰው ዝና መሙያ ትሆናለች።

ዴቩሚ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ይህን ንግድ በሰፊው ይሠራ ነበር። በጃንዋሪ 2018 ኒው ዮርክ ታይምስ ጉዳዩን አጋለጠው። በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከድርጅቱና ከባለቤቱ ጋር በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ውሳኔ ጉዳዩን ዘጋ። ከደንበኞቹ መካከል ተዋንያን፣ አትሌቶችና ሙዚቀኞች ነበሩበት።

መድረኮቹ ራሳቸውም አልፎ አልፎ ያጸዳሉ። በዲሴምበር 2014 ኢንስታግራም የውሸት አካውንቶችን ሲሰርዝ ጀስቲን ቢበር 3.5 ሚሊዮን ገደማ ተከታይ አጣ። የኢንስታግራም የራሱ አካውንት ደግሞ 19 ሚሊዮን ገደማ ጎደለበት። ትዊተርም በጁላይ 2018 ተመሳሳይ ጽዳት ሲያደርግ ከራሱ አካውንት ላይ 7 ሚሊዮን የሚበልጥ ተከታይ ጠፋ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። አንድ ዝነኛ ተከታይ ስለቀነሰበት "ገዝቶ ነበር" ማለት አይቻልም። ቦቶች ሰው ለመምሰል ሲሉ በራሳቸው ትልልቅ አካውንቶችን ይከተላሉ። ማንም ሳይከፍላቸው። የኢንስታግራም አካውንት ራሱ 19 ሚሊዮን ያጣው ገዝቶ አይደለም።

የተገዛ ተከታይ እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ የዕድገቱን መስመር እዩ። ሶሻል ብሌድን የመሰሉ ድረ ገጾች የአንድን አካውንት የቀን በቀን ለውጥ ያሳያሉ። ምንም ዜና፣ ምንም ቫይራል ቪዲዮ በሌለበት ቀን 40,000 ተከታይ ቢጨመር ጠርጥሩ። ቀስ እያለ በየቀኑ ከጎደለ ደግሞ መድረኩ እያጸዳው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኮሜንቶቹን አንብቡ። ሰውየው ስለ እናቱ ሞት ጽፎ ከሥር "ዋው፣ ምርጥ ፎቶ" የሚል ሃምሳ ጊዜ ከተደረደረ ቦት ነው። ተከታዮቹን ከፍታችሁ እዩ፤ ፎቶ የሌላቸው፣ ስማቸው በዘፈቀደ ቁጥር የተሞላ፣ ራሳቸው ምንም ያልለጠፉ ከበዙ መልሱ ታውቋል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ለየት የሚለው ሰዎች በግሩፕ ተደራጅተው አንዱ የሌላውን ፖስት ላይክ የሚያደርጉበት ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ፍላጎታቸው ግን እውነተኛ አይደለም። ምልክቱ ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች፣ በተለጠፈ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ተመሳሳይ ሙገሳ ይዘው መምጣታቸው ነው።

ከስሙ ጎን ሰማያዊው ምልክት ካለ አካውንቱ የዝነኛው የራሱ ነው ማለት ነው?

ድሮ አዎ፤ ዛሬ እርግጠኛ አትሁኑ። ትዊተር ምልክቱን ያመጣው በ2009 ነው። በዚያው ዓመት አንድ የቤዝቦል አሠልጣኝ በስሙ የውሸት አካውንት ተከፍቶበት ድርጅቱን ከሶ ነበር። ያኔ የምልክቱ ትርጉም "ማንነቱን አጣርተናል" ነበር። በኖቬምበር 2022 ግን በወር 8 ዶላር ገደማ ለከፈለ ሁሉ ተሰጠ። ወዲያው አንድ ሰው የመድኃኒት አምራቹን ኢላይ ሊሊን ስም ይዞ፣ ምልክቱን ገዝቶ "ኢንሱሊን ከአሁን በኋላ በነጻ ነው" ብሎ ጻፈ። ሕይወቱ በኢንሱሊን ላይ የቆመ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ኩባንያው ሐሰት መሆኑን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ ከምልክቱ ይልቅ የዝነኛው ወይም የብራንዱ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠውን ሊንክ ተከተሉ።

ዝነኞች አካውንታቸውን ራሳቸው ይጽፋሉ?

ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ቡድን አላቸው። ፎቶ የሚያነሳ፣ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ ሰዓት የሚመርጥ ሰው ይቀጠራል። አንዳንዶቹ የግል ስሜታቸውን ራሳቸው ይጽፉና የቀረውን ለቡድኑ ይተዋሉ። በውስጥ መስመር መልስ ካገኛችሁ ምናልባት ከሠራተኛ ነው። ገንዘብ ከጠየቃችሁ ደግሞ ከአጭበርባሪ ነው፤ በዚህ ላይ ጥርጥር አይኑራችሁ።

የማናውቀውን ሰው ለምን እንዲህ እንወደዋለን?

ይህ ከስልክ በፊት የነበረ ነገር ነው። በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። የቴሌቪዥን ተመልካቾች አቅራቢውን እንደ ቅርብ ወዳጃቸው ያዩታል። እሱ አያውቃቸውም፤ እነሱ ግን ጠባዩን፣ አነጋገሩን፣ ልማዱን ያውቃሉ። ወዳጅነቱ በአንድ ወገን ብቻ ይኖራል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን በብዙ እጥፍ አጠነከረው። የቴሌቪዥኑ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ሱፍ ለብሶ ነበር የሚታየው። የዛሬው ዝነኛ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ሲያለቅስ፣ ከልጁ ጋር ሲጫወት ይታያል። ስልኩ ደግሞ እጃችን ላይ ነው፤ አልጋ ውስጥም አብሮን ይገባል። አንዳንዴ ለኮሜንታችን ላይክ ይሰጣል። ያቺ አንዲት ላይክ ለተከታዩ የሳምንት ደስታ ትሆናለች።

በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም። ብቻውን ያለ ሰው በአንድ ዘፋኝ ድምፅና ቃል የተጽናናበት ጊዜ አለ፤ ይህ ከንቱ ነገር አይደለም። በአድናቂዎች ግሩፕ ውስጥ እውነተኛ ጓደኛ ያገኙም ብዙ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ፍቅር የሚሸጥ ነገር መሆኑን ዝነኛው ያውቃል፤ ከጀርባው ያለው ብራንድ በደንብ ያውቃል፤ የማያውቀው ብዙ ጊዜ አፍቃሪው ብቻ ነው። ወዳጅ የመከረን ይመስለናል። ተከፍሎበት ነው።

ብራንዶች ከዝነኞች ያነሰ ተከታይ የሚኖራቸው ለምንድን ነው?

ሰው የሚከተለው ፊት ስለሆነ። ኩባንያ አያለቅስም፣ አያገባም፣ አይሸነፍም።

ከዚህ ውጭ የሆኑት ብራንዶች አስተማሪ ናቸው። ናይኪ ኢንስታግራም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተከታይ ያለው ብራንድ ነው። ገጹን ስትከፍቱ ግን አትሌቶችን፣ ውጣ ውረዳቸውንና ድላቸውን ታያላችሁ፤ ጫማው እግራቸው ላይ አለ፣ ወሬው ግን ስለ ሰዎቹ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ደግሞ ገጹን ለፎቶግራፍ አንሺዎቹ ከፍቶ፣ ከያሉበት ራሳቸው ታሪካቸውን እየጻፉ እንዲለጥፉ አደረገ። መጽሔት ግዙ እያለ ቢጨቀጭቅ ኖሮ ያን ያህል ሰው ባልተከተለው ነበር። ሪያል ማድሪድ በ2017 ፌስቡክ ላይ 100 ሚሊዮንን ሲያልፍም የደጋፊው ስሜት ቀድሞ የነበረ ነው። ገጹ መሰብሰቢያ ሆነለት እንጂ ፍቅሩን አልፈጠረውም።

አንድ ብራንድ ቫይራል የሚሆነው እንዴት ነው?

ቀመር የለውም። የሚደጋገሙ ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ፍጥነት ነው። በፌብሩዋሪ 2013 የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ የሆነው ሱፐር ቦውል እየተካሄደ ስታዲየሙ ውስጥ መብራት ጠፋ። ጨዋታው 34 ደቂቃ ቆመ። ኦሪዮ ብስኩት በዚያው ቅጽበት "በጨለማም ቢሆን ወተት ውስጥ መንከር ይቻላል" የሚል ፎቶ ለቀቀ። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከወጣባቸው የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ይልቅ የተወራው ስለዚያች ትዊት ነው።

ሌላው ለተራ ሰው መልስ መስጠት ነው። በ2017 አንድ ታዳጊ የፈጣን ምግብ ድርጅቱን ዌንዲስን "ለአንድ ዓመት ነጻ የዶሮ ናጌት ለማግኘት ስንት ሪትዊት ያስፈልገኛል?" ብሎ ጠየቀ። ሪትዊት ማለት የአንድን ሰው ትዊት ሌሎች መልሰው ሲያጋሩት ነው። "18 ሚሊዮን" አሉት። ልጁ የምሩን ያዘው። ከ3.4 ሚሊዮን በላይ አገኘና እስከዚያ ድረስ የነበረውን የትዊተር ሪከርድ ሰበረ። ዌንዲስ ናጌቱን ሰጠው፤ ለጉዲፈቻ ለሚሠራ ድርጅትም 100,000 ዶላር ለገሰ። በኖቬምበር 2023 ደግሞ አንዲት ሴት መኪናዋ ተቃጥሎባት ቪዲዮ አወጣች። ውስጡ የነበረው የስታንሊ ኩባያ ተርፏል፤ በረዶው እንኳ አልቀለጠም። ኩባንያው ኩባያ ልኮ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ግን ራሱ በቪዲዮ ወጥቶ መኪናዋን እንደሚተኩላት ተናገረ። ምንም ማስታወቂያ ይህን ሊሠራው አይችልም።

ፍጥነት ደግሞ ይገድላል። በ2014 ዲጆርኖ የተባለ የፒዛ ብራንድ ትሬንድ ላይ ያየውን ሃሽታግ ሳያጣራ ለቀልድ ተጠቀመበት። ሃሽታጉ በትዳር ውስጥ የተደበደቡ ሴቶች ለምን ሳይወጡ እንደቆዩ የሚናገሩበት ነበር። ብራንዱ ፖስቱን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሃሽታግ ከመጠቀም በፊት ከሥሩ ያሉትን ፖስቶች ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ብራንድ ከዝነኛ ጋር ሲጣመር ማን ይጠቀማል?

ሁለቱም፤ እስከሆነላቸው ድረስ። በማርች 2014 ኤለን ዲጄኔረስ በኦስካር መድረክ ላይ ከተዋንያኑ ጋር በሳምሰንግ ስልክ ሰልፊ ተነሳች። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሪትዊት ተደረገ። ያ ዌንዲስን የጠየቀው ታዳጊ የሰበረው ሪከርድ ይህ ነው። ዝነኛዋ ግን ከመድረክ ጀርባ ትዊት ታደርግ የነበረው ከአይፎን ነበር፤ ተመልካቹ ወዲያው አስተዋለ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይስትም።

ጉዳቱም የጋራ ነው። በአፕሪል 2017 ፔፕሲ ኬንደል ጄነርን ይዞ የሰላማዊ ሰልፍ መልክ ያለው ማስታወቂያ ሠራ። የሰዎችን ትግል ወደ ለስላሳ መጠጥ ማሻሻጫ አወረደው ተብሎ ተወገዘ። በማግስቱ ወረደ። በኦክቶበር 2022 አዲዳስ ከካንዬ ዌስት ጋር የነበረውን ውል በጸረ አይሁድ ንግግሩ ምክንያት አቋረጠ። በዚያው ዓመት ብቻ እስከ 250 ሚሊዮን ዩሮ ትርፍ እንደሚያጣ ራሱ አስታወቀ። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ምርት ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ሮናልዶ ጠርሙስ በማንሳቱ ኮካ ኮላ 4 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ የሚባለው እውነት ነው?

ታሪኩ ጣፋጭ ነው፤ ግን አይቆምም። በጁን 14 ቀን 2021 ሮናልዶ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሁለት የኮካ ኮላ ጠርሙሶችን ገፋ አድርጎ የውኃ ጠርሙስ አነሳ። የኩባንያው የገበያ ዋጋ በዚያ ቀን ከ242 ቢሊዮን ወደ 238 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መውረዱ እውነት ነው። ነገር ግን አክሲዮኑ መውረድ የጀመረው ገበያው እንደተከፈተ፣ መግለጫው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ቀኑ ደግሞ አዲስ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የዚያን ሩብ ዓመት ትርፍ ክፍያ የማያገኝበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ዋጋ በተወሰነ መጠን ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

የካይሊ ጄነር ታሪክም ከዚህ ጋር ይነሳል። በፌብሩዋሪ 2018 "ስናፕቻት የማይከፍት ሌላ ሰው አለ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?" የሚል ነገር ጻፈች፤ የስናፕቻት ባለቤት የሆነው የስናፕ ኩባንያ የገበያ ዋጋ በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ነገር ግን ያኔ መተግበሪያው መልኩን ቀይሮ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች "ወደ ድሮው መልሱልን" ብለው ፈርመው ነበር። እሳቱ ቀድሞ ነበር። የዝነኛ ኃይል አለ፤ ዜናው ግን ከእውነቱ በላይ ያገዝፈዋል።

ዝነኛው ተከፍሎት መሆኑን የመናገር ግዴታ አለበት?

በብዙ አገሮች ሕግ አዎ። ኪም ካርዳሺያን በ2021 ኢቴሪየም ማክስ የተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ ኢንስታግራም ላይ አስተዋወቀች። ማስታወቂያ መሆኑን የሚጠቁም ሃሽታግ ነበረው። ለእንዲህ ያለው ማስታወቂያ የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው ግን የተከፈለውን መጠን ጭምር ነው፤ እሷ ደግሞ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት አልገለጸችም። በኦክቶበር 2022 ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ጋር በ1.26 ሚሊዮን ዶላር ተስማማች፤ ለሦስት ዓመት ክሪፕቶ እንዳታስተዋውቅም ተወሰነ።

ከዚያ በፊት የፋየር ፌስቲቫል ነበር። በ2016 መጨረሻ ታዋቂ ሞዴሎች በአንድ ጊዜ ብርቱካናማ ካሬ ለጠፉ። ባሃማስ ደሴት ላይ የቅንጦት ኮንሰርት አለ ተባለ። ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው በአፕሪል 2017 ሲደርሱ የጠበቃቸው ድንኳን፣ እርጥብ ፍራሽና ትርምስ ነበር። አዘጋጁ በማጭበርበር 6 ዓመት እስር ተፈረደበት።

በዚህ ጉዳይ መለሳለስ አልችልም። ጫማ ተከፍሎህ ብታስተዋውቅ፣ ጫማው ቢያልቅ ጉዳቱ ያልፋል። የሰው ቁጠባ፣ መድኃኒት ወይም ክብደት መቀነሻ ሲሆን ግን ዝም ማለት በደል ነው። ተከታዩ ያመነው አንተን ነው፤ ኩባንያውን አይደለም።

ላይክ አንዳንድ ቦታ ላይ የማይታየው ለምንድን ነው?

ባለቤቱ ደብቆት ነው። ኢንስታግራም ከ2019 ጀምሮ ላይክን መደበቅ ሞከረ፤ በ2021 ምርጫውን ለተጠቃሚው ሰጠ። ዩቲዩብም በኖቬምበር 2021 የዲስላይክ ቁጥርን ከሕዝብ ዕይታ አነሳ። የመጀመሪያውን እደግፈዋለሁ። ሁለተኛው ግን መጥፎ ቪዲዮን ቶሎ ለመለየት የሚረዳ ነገር አሳጥቶናል።

ብራንድ ጨርሶ ከማኅበራዊ ሚዲያ ቢወጣ ይጠፋል?

የግድ አይደለም። የቅንጦት ፋሽን ብራንዱ ቦቴጋ ቬኔታ በጃንዋሪ 2021 ኢንስታግራሙን አጠፋ። ቦርሳዎቹን የገዙ ሰዎች ግን መለጠፋቸውን ቀጠሉ። የመዋቢያ አምራቹ ለሽ በኖቬምበር 2021 ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከስናፕቻት ወጣ፤ ምክንያቱ የወጣቶች የአእምሮ ጤና ነው አለ። እንዲህ ማድረግ የሚችለው ግን ቀድሞ የታወቀ ነው። ገና ለሚጀምር ሰው አልመክረውም።

ትንሽ ሥራ አለኝ። ለኢንፍሉዌንሰር (ለተከታዮቹ ዕቃ ለሚያስተዋውቅ ሰው) ልክፈል?

ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ግን በተከታይ ብዛት አትምረጡ። በ2019 ከ2 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያላት አንዲት ወጣት የራሷን ቲሸርት ለመሸጥ ሞክራ፣ አምራቹ ሥራውን ለመጀመር የጠየቀውን 36 ቲሸርት እንኳ መሸጥ አልቻለችም። ተከታዮቿ የወደዱት ፎቶዋን ነበር። ልብስ ልትመርጥላቸው አልጠበቋትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው ስለምን እንደሚናገርና ተከታዮቹ ስለምን እንደሚጠይቁት አንብቡ። ኮሜንቱ ላይ "የት ገዛኸው? ለእኔ ይሆናል?" የሚል ጥያቄ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶች ሪች ከአካውንቱ ስታትስቲክስ ላይ ስክሪንሹት አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ተከታዮቹ የት አገር እንዳሉም እዩ፤ ዕቃችሁ የማይደርስበት አገር ያሉ ከሆኑ ምንም አይጠቅሙም። ለእሱ ብቻ የሚሆን የቅናሽ ኮድ ወይም ሊንክ ስጡት፤ ስንት ሰው በእሱ በኩል እንደገዛ በዚያ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ በአንድ ፖስት ሞክሩ። ካልሠራ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ውሉ ላይ ፖስቱ ስንት ጊዜ ሳይጠፋ እንደሚቆይ፣ ቪዲዮውን እናንተም መጠቀም ትችሉ እንደሆነ፣ የተፎካካሪን ዕቃ በስንት ሳምንት ውስጥ እንደማያስተዋውቅ፣ ማስታወቂያ መሆኑንም በግልጽ እንደሚጽፍ አስፍሩ። እነዚህ አራቱ ሳይጻፉ ገንዘብ አትላኩ።